ደንገጎ የበላው የፍሬን ሸራና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

የሰሞኑን ጥያቄዎች ስደረድራቸው ከሞላ ጎደል ሁሉም ስለ ሞተር ፍሬን ሆነው አገኘኋቸው። ከድሬ ሐረር የሚመላለሰው ሞተር ስለበዛ ይሆናል። የተመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። “ሸራ” ስል ፍሬን ሲያዝ ተጭኖ ጎማውን የሚያቆመውን ነው፤ የዲስኩንም (ከጎማው ጋር የሚዞረው ክብ ብረት) የታምቡሩንም (ሸራውን ውስጡ የሚሸፍነው ክብ ቤት) ማለቴ ነው፤ የሚለያዩበት ቦታ ሲመጣ እናገራለሁ።

“ሻጩ 20,000 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ያለኝ የፊት ሸራ በ8,000 አለቀ። በሳምንት ሦስት ቀን ሐረር ደርሼ እመለሳለሁ፣ ብዙ ጊዜ ሰው ጭኜ። ጓደኛዬ በተመሳሳይ ሞተር 25,000 አልፏል። አቦ፣ ተሸወድኩ እንዴ?” (ከሳቢያን)

ከዚህ ብቻ ተነስቼ ተሸውደሃል አልልህም። ስለ ሞተር ሸራ ዕድሜ ስትጠይቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገርህ ከ10,000 እስከ 30,000 ኪሎ ሜትር ነው። ቁጥሩ ይህን ያህል የሰፋው ያለ ምክንያት አይደለም። ጓደኛህ የት ነው የሚነዳው? እዚሁ ድሬዳዋ ውስጥ ከከዚራ ለገሃር ከሆነ መልሱ እዚያው አለ። ከዚራ ሜዳ ነው፣ መንገዱም ቀጥ ያለ ነው። ከሩቅ አይቶ የነዳጅ መስጫውን ይለቃል፣ ሞተሩ በራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ፍሬን የሚይዘው መጨረሻ ላይ ለአፍታ ነው።

አንተ ከሐረር ስትመለስ የደንገጎን ቁልቁለት ትወርዳለህ። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሐሮማያ ደግሞ 2,000 ሜትር ገደማ። ያንን 800 ሜትር ከሞላ ጎደል የምትጥለው ከደንገጎ በታች ባለው ጥምዝምዝ ነው። እስቲ እናስላው። ሞተሩ 120 ኪሎ፣ አንተ 70፣ ከኋላ የጫንከው ሰው 60 ቢሆን በድምሩ 250 ኪሎ ነው። ይህ ክብደት 800 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ወደ 2 ሚሊዮን ጁል ይጠጋል። ስድስት ሊትር ያህል የቧንቧ ውኃ ያፈላል። ያ ሁሉ ጉልበት የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። ከፊሉን ነፋስ ይወስደዋል፣ ማርሽ ውስጥ ከሆንክ ከፊሉን ኢንጂኑ ይይዝልሃል። የቀረውን የሚቀበሉት ሸራውና ዲስኩ ናቸው። ሸራ ደግሞ በጣም ሲግል የሚበላበት ፍጥነት ይጨምራል፤ ቀዝቃዛ ሆኖ አሥር ጊዜ ከሚያዝ ግሎ አንድ ጊዜ ረዘም አድርጎ ቢያዝ ይበልጥ ሊጎዳ ይችላል።

ሌላም ነገር አለ። ወደ ሐረር ስትወጣ ፍሬን አትነካም ማለት ይቻላል። ኪሎ ሜትሩ ይቆጥራል፣ ሸራው ግን አርፏል። ስትመለስ የሁለቱን መንገድ ዋጋ በአንድ ላይ ይከፍላል። ለዚህ ነው ሸራን በኪሎ ሜትር ብቻ መቁጠር የማይረባው። ለአንተ ትክክለኛው መለኪያ ስንት ጊዜ ወረድክ የሚለው ነው።

ሻጩን ሙሉ በሙሉ ነፃ ከማውጣትህ በፊት ግን አንድ ነገር አድርግ። ሞተሩን በመሐል ማቆሚያው አቁመህ የፊት ጎማው ከመሬት እንዲነሳ አድርግና በእጅህ አሽከርክረው። ፍሬን ሳትይዝ ከብዶ የሚቆም ከሆነ ሸራው ሁልጊዜ ዲስኩን እየላሰ ነው። ሸራውን የሚገፋው ፒስተን አቧራ ጠጥቶ አልመለስ ብሏል፣ ወይም ካሊፐሩ (ሸራዎቹንና ፒስተኑን የያዘው ክፍል) የሚንሸራተትበት ብሎን ደርቋል። ሁለቱን ሸራዎች አውጥተህ ስታያቸው አንዱ ሳስቶ ሌላው ወፍራም ከሆነም ጥፋቱ እዚያው ነው። ሸራ ብቻ ቀይረህ ብትሄድ አዲሱም ዕድሜው አይረዝምም።

“ደንገጎ ላይ ስደርስ ኢንጂን አጥፍቼ፣ ማርሽ ዜሮ አድርጌ እስከ ታች እወርዳለሁ። ነዳጅ ይቆጥብልኛል። ምን ችግር አለው?” (ከሐረር፣ ሸዋ በር)

ችግሩ ከላይ ያሰላነው ሙቀት ነው። ኢንጂኑን ስታጠፋ የሚያግዝህን ሁሉ አባረህ ፍሬንህን ብቻውን ታስቀረዋለህ። የምትቆጥባት ነዳጅ ከሸራ ዋጋ አትበልጥም። በዚያ ላይ ሞተርህ ኢንጀክሽን (ነዳጁን በኮምፒውተር የሚረጭ) ከሆነ ቁጠባውም የለም፤ ማርሽ ውስጥ ሆነህ የነዳጅ መስጫውን ሙሉ በሙሉ ስትለቅ ኮምፒውተሩ ራሱ ነዳጅ ይቆርጣል።

አወራረዱ ይህ ነው። ያንን ዳገት ስትወጣ የምትጠቀምበትን ማርሽ ስትወርድም ያዘው። ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ሊሆን ይችላል፣ እንደ ጭነትህ። ኢንጂኑ ይጮሃል፤ ይጩህ። ፍሬኑን ለስለስ አድርገህ ረጅም ሰዓት አትያዘው። ከመታጠፊያው በፊት ጠበቅ አድርገህ ያዝ፣ ፍጥነትህን ጣል፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ልቀቀው። በለቀቅክ ቁጥር ነፋስ ያገኛል።

የተቃጠለ ሽታ ከሸተተህ፣ ወይም የእጁ ፍሬን እንደ ስፖንጅ ከለሰለሰብህ፣ ሰፊ ቦታ ፈልገህ ቁም። መለስለሱ የፍሬን ዘይቱ እንደፈላ ያሳያል። በቃ እረፍ፣ ሻይ ጠጣ። ውኃ ግን አትድፋበት። ቁልቁለቱን ጨርሰው የጋለ ዲስክ ላይ ጀሪካን የሚገለብጡ አሉ፤ ዲስኩ ድንገት ሲቀዘቅዝ ሊጣመም ይችላል። ከዚያ በኋላ ፍሬን በያዝክ ቁጥር እጅህ ላይ ይርገበገባል።

“የፊት ፍሬን ገልብጦ ይጥላል ስለተባልኩ የእግሩን ብቻ ነው የምይዘው። የኋላ ሸራዬ ቶሎ ቶሎ ያልቃል። ከዚህ ጋር ይገናኛል?” (ሴት አሽከርካሪ፣ ከገንደ ቆሬ)

በደንብ ይገናኛል፤ ከሸራው ይልቅ ግን ያሳሰበኝ የአንቺ ነገር ነው። ፍሬን ስትይዢ ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ይሄዳል። የፊት ጎማው መሬቱን አጥብቆ ሲይዝ የኋላው ይቀልላል። ስለዚህ ከማቆሙ ሥራ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው የፊቱ ነው። በኋላው ብቻ ስታቆሚ ርቀቱ በጣም ይረዝማል፣ ጎማውም ተቆልፎ ሊንሸራተት ይችላል። “ይገለብጣል” የሚባለው የፊቱን በአንድ ጊዜ አንቆ ለሚይዘው ነው። አንቺ መጀመሪያ ነካ አድርጊው፣ ክብደቱ ወደ ፊት ሲመጣ ጫን በይ፣ የእግሩንም አብረሽ ያዢ። ባዶ ሜዳ ላይ ተለማመጂው።

አሸዋ ላይ ግን ፍርሃትሽ ልክ ነው። ዝናብ በጣለ ማግስት ደቻቱ ወንዝ አካባቢ አስፋልቱ ላይ የሚቀረው ደለል ለፊት ጎማ መጥፎ ነው። እዚያ ከመድረስሽ በፊት ፍጥነትሽን ጨርሰሽ ግቢ። ያው አሸዋ ሸራና ዲስኩ መሐል ሲገባ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል። የድሬ ሞተር ሸራ ከሜዳ መንገድ የሚያተርፈውን በአሸዋ የሚከስረው ለዚህ ነው። ከጭቃና ከደለል ስትወጪ ካሊፐሩን በተራ ውኃ እጠቢው፣ ቀዝቅዞ ከሆነ። በግፊት ውኃ በቅርበት አይመታ።

አንድ ነገር ልጨምር። እግራቸውን የኋላ ፍሬን ላይ አሳርፈው የሚነዱ አሉ። ከኋላሽ የሚመጣ ሰው መብራትሽ ሁልጊዜ እንደበራ ከነገረሽ አንቺም ከነሱ ነሽ።

“በጡረታ ላይ ነኝ፣ ሞተሬን በሳምንት አንድ ሁለት ቀን ነው የማወጣው። ሸራው ማለቁን ጋራዥ ሳልሄድ እንዴት ላውቅ እችላለሁ?” (ከሐረር፣ ጁገል)

ጋሼ፣ የእጅ ባትሪ ይበቃዎታል። ከሞተሩ ፊት ቁጢጥ ብለው ካሊፐሩን ከፊት ወይም ከሥር ይመልከቱ። ዲስኩን ከግራና ከቀኝ ያቀፉ ሁለት ነገሮች ይታዩዎታል። ከእያንዳንዱ ላይ የብረቱን መደብ ይተዉት፤ የሚቆጠረው ብረቱና ዲስኩ መሐል ያለው ጥቁር ወይም ግራጫ ነገር ነው። አዲስ ሲሆን ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ወደ 2 ሚሊ ሜትር ሲወርድ አዲስ ይግዙ፣ 1 ሚሊ ሜትር ላይ እያለ መንገድ አይውጡበት። ብዙ ሸራ ላይ መሐሉን የሚከፍል ቦይ አለ። ቦዩ ከጠፋ ሸራው አልቋል። ሁለቱንም ጎን ይዩ፤ ከውጭ ያለው ደህና መስሎ የውስጠኛው ብረት ላይ የደረሰበት ሞተር ብዙ ነው።

የኋላው ታምቡር ከሆነ ሸራው ከውጭ አይታይም። ግን ፍሬኑን የሚጎትተው ክንድ ሥር ብዙ ጊዜ ትንሽ ቀስት ትኖራለች። ፍሬኑን ረግጠው ሲይዙ ቀስቷ ከምልክቱ ካለፈች ጊዜው ደርሷል። የማስተካከያዋ ብሎንም ትናገራለች፤ መጨረሻዋ ድረስ ጠብቃ ከሆነ የሚጠበቅ ነገር አልቀረም ማለት ነው።

የፍሬን ዘይቱ መጠን መቀነሱም ምልክት ነው። ሸራ ሲሳሳ ፒስተኑ ወደ ውጭ ይወጣል፣ ዘይቱም ተከትሎት ይወርዳል። ሸራውን ሳያዩ ዘይት አይጨምሩ። አዲስ ሸራ ገብቶ ፒስተኑ ሲመለስ የጨመሩት ሞልቶ ይፈስሳል፤ የፍሬን ዘይት ደግሞ ቀለም ይልጣል።

እርስዎ ጥቂት ስለሚነዱ ከሸራው በፊት የሚያረጀው ዘይቱ ነው። ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ድረስ አይፈላም፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን መፍያው እስከ 155 ሊወርድ ይችላል። በሁለት ዓመት አንዴ ያስቀይሩት፣ ኪሎ ሜትሩ ምንም ይሁን።

“ፍሬን ስይዝ ሲጥጥ ይላል። ልቀይረው?”

በስንት ዓይነት ቃል መጣችልኝ ይቺ ጥያቄ። ሲጥጥታ ብቻውን ሸራ አልቋል አያሰኝም። አቧራ፣ የጠዋት እርጥበት፣ በሙቀት የተወለወለ ሸራ ሁሉም ያስጮኻል። አውጥታችሁ እዩ፣ አጽዱ። ፊቱ እንደ መስታወት ካብለጨለጨ በብርጭቆ ወረቀት ቀለል አድርጎ መፋቅ ይረዳል። ድምፁ የብረት መፋጨት ከሆነ ግን ነገ አትበሉ። ያኔ ዲስኩ እየታረሰ ነው፤ ዲስክ ደግሞ ከሸራ ብዙ እጥፍ ይወደዳል።

አቧራውን ስታጸዱ በአፍም በአየር መሣሪያም አትንፉት። ርካሽና አሮጌ ሸራ ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ይችላል፣ ለሳንባ ክፉ ነው። በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። ይህን ጋራዥ ውስጥ ስናገር ይስቁብኛል፤ እኔ ግን መናገሬን አልተውም።

“ሁለት ዓይነት ሸራ አለ፣ አንዱ የሌላውን እጥፍ ነው ዋጋው። የቱን ልግዛ?” (ከአወዳይ)

ርካሹ ብዙ ጊዜ ከቃጫና ከሙጫ የተሠራ ነው። ለስለስ ብሎ ይይዛል፣ አይጮህም፣ ዲስክ አይጎዳም፤ ግን ቶሎ ያልቃል፣ ሲግልም ይሰንፋል። ውዱ የብረት ዱቄት በሙቀት ተጨፍልቆ የተሠራ ከሆነ ሙቀትና ውኃ ይችላል፣ ዕድሜውም ይረዝማል፤ ዲስኩን ግን ይበልጥ ይበላል። አንተ ጫት ጭነህ ቁልቁለት የምትወርድ ከሆነ ውዱን ውሰድ፣ የሞተርህ መመሪያ ከፈቀደ። ከተማ ውስጥ ብቻ ለሚነዳ ርካሹ ምንም አይለው። ማሸጊያው ላይ የሞተሩ ዓይነት ያልተጻፈበትን፣ ሸራው ከብረቱ ጠርዝ ጠርዙ ላይ የተነሳውን አትንካ። ሲላቀቅ አንድ ላይ ነው የሚላቀቀው።

“ትናንት አዲስ ሸራ አስገባሁ፣ ከድሮው ያነሰ ነው የሚይዘው። ከጋራዥ ስወጣ ደግሞ ጭራሽ ፍሬን አልነበረኝም!”

ሁለተኛውን ላስቀድም። ሸራ ለማስገባት ፒስተኑ ወደ ኋላ ይገፋል። ከዚያ የእጁን ፍሬን ደጋግሞ ጨብጦ እስኪጠነክር ድረስ ማምጣት ያስፈልጋል፣ ሞተሩ ከቆመበት ሳይነሳ። መካኒኩ ረስቶታል። ለወደፊቱ ከጋራዥ ስትወጣ ራስህ ጨብጠህ ሳታረጋግጥ አትነሳ።

መያዙ የቀነሰው ሸራውና ዲስኩ ገና ስላልተላመዱ ነው። መጀመሪያ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ለስለስ እያደረግክ ንዳ፣ በድንገት ከማቆም ተቆጠብ፣ ደንገጎንም ለጥቂት ቀን ተወው። ከዚያም ካልተሻሻለ ሸራው ቅባት ነክቶት ይሆናል፤ የፊት ሾክ ዘይት ያፈስ እንደሆነ እይ። ቅባት የጠጣ ሸራ በቤንዚን አጥበህ አይመለስም። ይጣላል።

“የባጃጅስ?”

ባለሦስት እግሯ ባጃጅ የምትቆመው በታምቡር ነው፣ ሸራውም ተሸፍኖ ስለሚቀመጥ ከሞተር ዲስክ ይልቅ ይቆያል። አሸዋና ውኃ ውስጥ ከገቡ ግን ወጥተው አያልቁም። ፍሬን ስትይዝ ወደ አንድ ጎን የምትጎትት ከሆነ አንዱ ጎማ ከሌላው እኩል እየያዘ አይደለም። ታምቡሮቹን አስከፍተህ አጽዳ፣ ሸራውንም ግራና ቀኝ በጥንድ ቀይር እንጂ አንዱን ብቻ አታስቀይር።