የልጄ የሆኪ ጫማ እግሩን ለምን ያሳምመዋል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው በካናዳ፣ ኤድመንተን ከተማ ነው። የ11 ዓመት ልጄ ዘንድሮ ከትምህርት ቤት ጓደኞቹ ጋር የበረዶ ሆኪ መጫወት ጀምሯል። አዲስ ጫማ ውድ ስለሆነብኝ ያገለገሉ የስፖርት ዕቃዎች ከሚሸጡበት ሱቅ፣ ብዙ ያልተጎዳ ጫማ ገዛሁለት። ቁጥሩ ለትምህርት ቤት ከሚያደርገው ጫማ ጋር እኩል ነው፤ ለብርዱም ብዬ ወፍራም የሱፍ ካልሲ አደርግለታለሁ። ይሁንና በረዶው ላይ ከወጣ ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላው ውስጥ እግሩን እንደሚቆረጥመውና የቁርጭምጭሚቱ አጥንት በውስጥ በኩል እንደሚላጥ እየነገረኝ ይመለሳል። የአንድ ልጅ እናት ጫማውን ኦቨን ውስጥ እንዳሞቀው መከረችኝ፤ አሰልጣኙ ግን እስኪለምደው ይታገስ ባይ ነው። በቤት ኦቨን ጫማ ማሞቅ እውነት ይቻላል?
አንዲት እናት፣ ከኤድመንተን

መልስ፦ ውድ እህታችን፣ ይቻላል፤ ነገር ግን በእርስዎ ጉዳይ ኦቨኑ መጨረሻ ላይ የሚታሰብ ነገር ነው። ሙቀት የጫማውን ቅርጽ ከእግር ጋር ያስማማል እንጂ ቁጥሩን አይቀይርም፤ ከጻፉልን እንደተረዳነው ደግሞ ችግሩ የሚጀምረው ከቁጥሩ ነው። የሆኪ ጫማ ብዙውን ጊዜ ሰው በመንገድ ላይ ከሚያደርገው ጫማ ከ1 እስከ 1 ተኩል ቁጥር አንሶ ይገዛል። ከትምህርት ቤት ጫማው ጋር እኩል የሆነው ጫማ እንግዲህ ለልጅዎ ሰፊ ሳይሆንበት አይቀርም።

ሰፊ ጫማ እንዴት ያማል ይሉን ይሆናል። ተረከዙ በቦታው ረግቶ ስለማይቀመጥ እግሩ በእያንዳንዱ ግፊት ወደፊትና ወደኋላ ይንሸራተታል፤ ልጁም ሳያውቀው ጣቶቹን ወደታች አጥፎ የጫማውን ወለል ለመያዝ ይታገላል። ውስጥ እግሩን የሚቆረጥመው ይህ ትግል ነው። ከዚያም ጫማው እንዳይወላከፍበት ማሰሪያውን ከመጠን በላይ ያጠብቃል፤ በዚህ ጊዜ የቁርጭምጭሚቱ አጥንት ከጠንካራው ግድግዳ ጋር ይፋተጋል። ወፍራሙ ካልሲም የባሰ ያደርገዋል፤ ውስጥ ለውስጥ ይንሸራተታል፣ ላብ ይይዛል፣ ላቡ ሲቀዘቅዝ ደግሞ እግሩን ይበልጥ ያበርደዋል። አንድ ስስ፣ በልክ የተወጠረ ካልሲ ይበቃዋል።

ልኩን ለማወቅ ሱቅ መሄድ አያስፈልግዎትም። በመጀመሪያ የውስጥ ሶሉን ከጫማው ያውጡና ወለል ላይ ያስቀምጡት፤ ልጁ ተረከዙን ከሶሉ የኋላ ጫፍ ጋር አስተካክሎ ይቁምበት። ከረዥሙ ጣቱ ፊት የሚተርፈው ቦታ ከአንድ ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ ከሆነ ጫማው ትልቅ ነው። ሁለተኛው መፈተኛ ደግሞ ማሰሪያው በደንብ ሳይጠብቅ ልጁ ጣቶቹ የጫማውን አፍንጫ እስኪነኩ ድረስ እግሩን ወደፊት እንዲገፋ ማድረግ ነው፤ ከተረከዙ ኋላ የእርስዎ አንድ ጣት ከገባ ለሚያድግ ልጅ የሚታለፍ ነው፤ ሁለት ጣት ከገባ ግን ያ ጫማ የዘንድሮ ጫማው አይደለም። በትክክል ሲታሰር፣ ቀጥ ብሎ ሲቆም ጣቶቹ የጫማውን አፍንጫ ነካ ሊያደርጉ፣ ጉልበቱን አጠፍ ሲያደርግ ደግሞ ትንሽ ሸሸት ሊሉ ይገባል። ለዕድገት ተብሎ ከግማሽ ቁጥር በላይ መጨመር፣ በእኛ ዘንድ የተለመደ ቢሆንም፣ ለትምህርት ቤት ጫማ እንጂ ለዚህ ጫማ አይሆንም። ያገለገለ ጫማ መግዛትዎ ግን የሚያስመሰግን ነው፤ ልጆች ጫማው ሳያልቅ እግራቸው ስለሚያድግ ደህና ጫማ በየሱቁ ሞልቷል። ይህኛውን መልሰው በሚያንሰው ይለውጡት።

ቁጥሩ ከተስተካከለ በኋላ ጫማው የቀድሞ ባለቤቱን እግር ቅርጽ ይዞ ከሆነ ያን ጊዜ ማሞቅ ይጠቅማል። ከሁሉ በፊት ግን በጣም ርካሽ የሆኑት የልጆች ጫማዎች ለሙቀት እንዳልተሠሩ ይወቁ፤ የጫማውን ሞዴል ስም ይዘው የአምራቹን መመሪያ ይመልከቱ። ሱቆች ለዚሁ ሥራ የተዘጋጀ ምድጃ አላቸው፤ የሚያስከፍሉት ገንዘብ ጫማ ከማበላሸት ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ስለሆነ እኛ የምንመርጠው እሱን ነው። አንዳንድ አምራቾች በቤት ኦቨን ለተጎዳ ጫማ ዋስትና እንደማይሰጡም አይዘንጉ።

በቤት ማድረጉ ግድ ከሆነ ኦቨኑ የኤሌክትሪክ ይሁን፤ በጋዝ ነበልባል የሚሠራውን አይሞክሩት። መደርደሪያውን መሃል ላይ አድርገው ኦቨኑን ወደ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ማለትም በእናንተ አገር ምድጃ ላይ በብዛት በሚታየው ቁጥር ወደ 175 ዲግሪ ፋራናይት ያሙቁ፤ ከዚያ ያጥፉት። ማጥፋቱ የግድ ነው፤ ኦቨን ሙቀቱን ለመጠበቅ በየመሃሉ ራሱን ሲያበራ የማሞቂያው ብረት ፍም ይመስላል፣ ፕላስቲኩንና ማጣበቂያውን የሚያቀልጠውም እሱ ነው። ማሰሪያውን እስከ ታች አላልተው፣ አንዱን ጫማ ብቻ በመጋገሪያ ትሪ ላይ ፎጣ አንጥፈው፣ የኦቨኑን ግድግዳ ሳይነካ ያስገቡት። የሚቆየው መመሪያው ላይ የተጻፈውን ያህል ነው፤ ብዙውን ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው። የቁርጭምጭሚቱን ክፍል በእጅዎ ሲጫኑት ልስልስ ካለ ደርሷል።

ልጁ ተቀምጦ፣ ስሱን ካልሲ አድርጎ እግሩን ያስገባ፤ ተረከዙን ወለሉ ላይ አንድ ሁለቴ መታ መታ አድርጎ ወደኋላ ያስጠጋው። ማሰሪያውን ሲስቡ ወደላይ ሳይሆን ወደጎን ይሳቡ፤ የጋለ ጫማ ቀዳዳዎቹ በቀላሉ ይቀደዳሉ። ከዚያ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ጉልበቱን አጠፍ አድርጎ ዝም ብሎ ይቀመጥ። በዚህ ጊዜ ቆሞ ከተራመደ ቅርጹ ይጣመማል። ጫማው አንድ ሙሉ ቀን ሳያልፍ በረዶ ላይ አይውጣበት።

አጥንቱ አሁንም ከተፋቀ ሙሉ ጫማውን ደግሞ ማሞቅ አያስፈልግም። የሚያመውን ቦታ ላይ ጥቂት ሊፕስቲክ ቀብተው እግሩን ያለ ካልሲ ያስገቡ፤ ቀለሙ በጫማው ውስጥ በትክክል የሚጫነውን ነጥብ ያሳይዎታል። ያን ነጥብ ብቻ በፀጉር ማድረቂያ አሙቀው በክብ ነገር፣ ለምሳሌ በማንኪያ ጀርባ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ እየገፉ እስኪቀዘቅዝ ይያዙት። ጠንካራ ጫማ ለዚህ እምቢ ካለ ሱቆች የሚለጥጡበት መሣሪያ አላቸው። ከጨዋታ በኋላ የውስጥ ሶሉን አውጥተው በቤት አየር ያድርቁት፤ ከወለሉ በሚወጣው የማሞቂያ አየር ላይ ማሳደር ማጣበቂያውን ያላቅቃል።

የአሰልጣኙ ምክር በከፊል ልክ ነው፤ ትንሽ መጨናነቅ በልምምድ ይቀንሳል። ጣት ሲደነዝዝ፣ ቆዳ ሲቆስል ወይም ሕመሙ ጫማው ከወለቀ በማግስቱም ሲቀጥል ግን መታገስ አይገባም። በዚህ ዕድሜ የተረከዝ አጥንት ገና እያደገ ስለሆነ የተረከዝ ሕመም ከጫማ ውጭ የሆነ ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ ያን ለሐኪም ያሳዩ።

ጥያቄ፦ በሚኒያፖሊስ የምኖር ጎልማሳ ነኝ። ጫማዬ አዲስ፣ ልኩ ትክክለኛ ነው፤ ሱቁም አሙቆልኛል። ይሁንና ከቁርጭምጭሚቴ በላይ፣ ፊት ለፊት ማሰሪያው የሚያርፍበት ቦታ ቀልቶ ያብጣል። ምን ላድርግ?
ከሚኒሶታ

መልስ፦ ወንድማችን፣ ይህ ማሰሪያው በጫማው ምላስ በኩል በእግር ፊት ያሉትን ጅማቶች ሲጫን የሚመጣ፣ በሆኪ ተጫዋቾች ዘንድ የታወቀ ሕመም ነው። ላይኛውን ቀዳዳ ሳያስሩ ይተዉት፤ ምላሱን መሃል ላይ ያቁሙት፤ ከምላሱ ሥር ስስ የጄል ንጣፍ ያስገቡ። ምላሱ ሳስቶ ከሆነ በወፍራም ምላስ ማስለወጥ ይቻላል። ሁሉም ካልረዳ እግርዎን ጫማ ውስጥ አድርገው፣ ሳያስሩ፣ ምላሱን ወደፊት ገልብጠው ከላይ ሦስተኛውን ቀዳዳ ከቀኝ ወደ ግራ በእርሳስ ይሻገሩት። እርሳሱ የጫማውን ሁለቱን ጠርዞች ከመንካቱ በፊት እግርዎን ከነካ፣ ጫማው ለእግርዎ ውፍረት ጥልቀት ያንሰዋል፤ ሱቁ ጥልቀት ባለው ሌላ ዓይነት እንዲለውጥልዎ ይጠይቁ። እስከዚያ እብጠቱ እስኪበርድ ጥቂት ቀን ያርፉ፤ ከረፍትም በኋላ ካልጠፋ ሐኪም ይየው።