የመኪናዬን ኤሲ ጋዝ ራሴ ልሙላው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። መኪናዬ እ.ኤ.አ. የ1998 ሥሪት ነች። ኤሲዋ ድሮ ያንቀጠቅጥ ነበር፣ አሁን የሚወጣው ነፋስ ለብ ያለ ነው። ጓደኛዬ «ጋዙ አልቆ ነው፣ መለኪያ ያለው ጣሳ ግዛና እቤትህ ሙላው፣ ቀላል ነው» ይለኛል። አምና ጋራዥ አስሞልቼው ነበር። እውነት እቤት ይሞላል?

መልስ፦ ይሞላል። ግን «አልቆ ነው» የምትለዋ ነገር አልተዋጠችልኝም። የኤሲ ጋዝ እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ አያልቅም፣ ዝግ መስመር ውስጥ እየዞረ ነው የሚኖረው። ከቀነሰ ወጥቷል ማለት ነው። ባረጀ መኪና በቱቦና በኦሪንግ (መገጣጠሚያ ላይ ባለው የጎማ ቀለበት) በኩል ጥቂት ጥቂት ማምለጡ ያለ ነው፣ ዓመታት ቆይቶ ቢደክም አይገርምም። አምና ተሞልቶ ዘንድሮ ከጠፋ ግን የሚያፈስ ቦታ አለ። እሱን ሳትፈልግ ብትሞላ ገንዘብህን አየር ላይ በተንከው።

ስለዚህ ጣሳውን ከመግዛትህ በፊት ኮፈኑን ክፈት፣ ሞተሩን አስነሳ፣ ኤሲውን አብራና ኮምፕረሰሩን፣ ማለትም ጋዙን የሚጨምቀውን ክፍል፣ ተመልከት። ቺንጋው የያዘው ፑሊ ሁሌም ይዞራል፤ ፊቱ ላይ ያለው ክላች ግን «ጠቅ» ብሎ ሲይዝ ብቻ ነው አብሮ የሚዞረው። ያዝ ለቀቅ፣ ያዝ ለቀቅ እያለ በየጥቂት ሰከንዱ ከተመላለሰ ብዙ ጊዜ ጋዝ አንሶታል። ጭራሽ ካልያዘ ወይ ፊውዝ ወይ ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) ነው፣ ወይም ጋዙ በጣም ወርዶ መቆጣጠሪያው ራሱ ኮምፕረሰሩን አግዶታል። መኪናው ሲሄድ ቀዝቅዞ ሲቆም የሚሞቅ ከሆነ ደግሞ ጋዙን ተወውና የኮንደንሰሩን (ከፊት ያለውን የጋዝ ማቀዝቀዣ) ፋን እይ።

የሚያፈሰውን ቦታ ለመፈለግ ዓይንህ ይበቃል፣ ቢያንስ ለጅማሬ። ጋዙ ሲወጣ የኮምፕረሰሩን ዘይት ይዞ ነው የሚወጣው፤ መገጣጠሚያዎቹ ላይ አቧራ የለጠፈበት ወዛም እድፍ ካገኘህ እዚያ ጋ የሳሙና ውኃ ቀባና አረፋ ሲሠራ ጠብቅ።

የጋዙ ዓይነትና መጠኑ በግራም ኮፈኑ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ ተጽፏል። የድሮዎቹ አር 12 ነበሩ፤ የኦዞንን ሽፋን ስለሚጎዳ እ.ኤ.አ. ከ1987ቱ የሞንትሪያል ስምምነት በኋላ እየቀረ መጣና በ1990ዎቹ አጋማሽ አዳዲስ መኪኖች ወደ አር 134ኤ ዞሩ። ያንተም ይኼኛው መሆን አለበት፣ ቢሆንም ወረቀቱን ሳታነብ እንዳትነካው። ሁለቱ አይቀላቀሉም፣ ዘይታቸውም ይለያያል።

አሁን ወደ መሙላቱ። ጓንትና መነጽር አድርግ፤ አር 134ኤ ከዜሮ በታች 26 ዲግሪ ላይ ስለሚፈላ ቆዳ ላይ ካረፈ በብርድ ያቃጥላል። ሞተሩ ሚኒሞ ላይ ይሁን፣ ኤሲው መጨረሻ፣ ነፋሱም መጨረሻ፣ በሮቹ ክፍት። ጣሳው የሚገጠመው ወፍራሙ ቱቦ ላይ ባለው አፍ ብቻ ነው። ቀጭኑ ከፍተኛ ግፊት ያለበት ስለሆነ ጣሳውን እጅህ ላይ ሊያፈነዳው ይችላል። የሁለቱ አፍ መጠን ሆን ተብሎ የተለያየ ነው፤ አልገጥምም ካለህ አትታገለው። ጣሳውን ቀጥ አድርገህ ያዝ፣ ከገለበጥከው ፈሳሹ ይገባል፣ ኮምፕረሰር ደግሞ ፈሳሽ መጭመቅ አይችልም።

ብዙ ሰው የሚሸወደው መለኪያው ላይ ነው። ኮምፕረሰሩ ቆሞ ካነበብከው፣ አየሩ 20 ዲግሪ ከሆነ ወደ 70 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) ያሳይሃል። ይህ ቁጥር መስመሩ ውስጥ ጥቂት ፈሳሽ ጋዝ እስካለ ድረስ ያው ነው፣ ግማሽም ይሁን ሙሉ አይነግርህም። ኮምፕረሰሩ ይዞ ሲሠራ ነው ማንበብ ያለብህ፤ ያኔ በደህና ቀን ከ25 እስከ 45 ባለው ውስጥ ይዋልላል። በጥቂት በጥቂቱ ልቀቅ፣ ዝጋ፣ ጠብቅ፣ ነፋሱን በእጅህ እይ። ሲቀዘቅዝ አቁም! «ትንሽ ልጨምርበት» የሚሉት ነገር ነው ጉዱ፤ ከልክ ያለፈ ጋዝ ማቀዝቀዙን ይቀንሰዋል፣ ኮምፕረሰሩንም ያደክመዋል።

ሞተሩ ጠፍቶ እያለ መለኪያው ዜሮ ካሳየህ ግን ጣሳውን አስቀምጥ። መስመሩ ባዶ ነው፣ አየርና እርጥበት ገብቶበታል፤ እርጥበት ደግሞ ከጋዙና ከዘይቱ ጋር ተዋህዶ አሲድ ይፈጥራል። ቀዳዳው ተጠግኖ፣ በቫኪዩም ፓምፕ ተስቦ፣ በሚዛን ነው የሚሞላው። ይኼን ለመካኒክ ስጠው።

ጥያቄ (ከሌላ ጠያቂ)፦ ቀዳዳ ይደፍናል የተባለ ማሸጊያ የተቀላቀለበት ጋዝስ?

መልስ፦ እኔ አልገዛውም። አንዳንዱ መስመሩ ውስጥ ጋዙ የሚያልፍባትን ጠባብ ቀዳዳ ጭምር ይደፍናል፣ የጋራዡንም ማሽን ሊያበላሽ ስለሚችል በኋላ የሚነካልሽ መካኒክ ልታጪ ትችያለሽ።

ጥያቄ፦ ኤሲ ሳበራ ከመኪናው ሥር ውኃ ይንጠባጠባል፣ ጋዙ ይሆን እንዴ የሚፈሰው?

መልስ፦ አይደለም። ጋዝ ሲያፈስ ኩሬ አይሠራም። ያየሽው ኤቫፖሬተሩ (ነፋሱን የሚያቀዘቅዘው ክፍል) ላይ የተጠራቀመ ጤዛ ነው፣ ጤነኛ ነው። ምንጣፉ ውስጥ ከረጠበ ግን የማፍሰሻው ቱቦ ተደፍኗል፤ ጫፉን ከታች ፈልጊና በቀስታ ጠራርጊው።