መልስ፦ አኔሞኒዬ ማታ ተጨማደደች፣ ቦታም ቀየረች፤ ልትሞት ነው?

ወንድሜ፣ ተረጋጋ። በዓሣ ገንዳህ ያለችው አኔሞኒ አጥንት የሌላት ለስላሳ የባሕር እንስሳ ናት፤ ሰውነቷን የሚወጥረው ውሃ ነው። ያረጀውን ውሃ ከቡናማው ቆሻሻ ጋር በአፏ ስታስወጣ ትሟሽሻለች፣ በሰዓታት ውስጥ መልሳ ትነፋለች። እኔ ሁልጊዜ የማየው አፏን ነው፦ ጥብቅ ብሎ ከተዘጋ ደህና ናት። አፏ ተበርግዶ ውስጧ ከተገለበጠ፣ ሥጋዋም መሟሟት ከጀመረ ግን ሳትውል ሳታድር አውጣት፤ በስብሳ ውሃውን ትበክልና ዓሣዎቹን ትፈጃለች።

መንቀሳቀሷ ብርሃንና ፍሰት ፍለጋ ነው። ያንተዋ ባብል ቲፕ የምትባለው የአኔሞኒ ዓይነት ደግሞ እግሯን (የምትጣበቅበትን የታች ክፍሏን) የድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ መወተፍ ትወዳለች። በእጅህ አትጎትታት፣ እግሯ ይቀደዳል። ይልቅ የፓምፑን ውሃ መሳቢያ አፍ አሁኑኑ በስፖንጅ ሸፍን፤ ስትዞር ተስባ የምትከተፈው እዚያ ነው። ከአኔሞኒ ጋር ተጠግቶ የሚኖረው ዓሣ፣ ክላውንፊሽ፣ ስለሌለህ አትጨነቅ፣ ያለሱም ትኖራለች።