ኢንሹራንስ ያገኘ ሰው ለምርጫ ይወጣል? ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

በሰሜን ቨርጂኒያ ለወገኖቻችን የጤና ኢንሹራንስ ፎርም ስሞላ ዓመታት አልፈዋል። በምርጫ ቀን ደግሞ ጣቢያ ላይ እሠራለሁ። ሁለቱ ምን እንደሚያገናኛቸው የፈለጋችሁትን ጠይቁ ብዬ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ፤ የቻልኩትን እነሆ።

ጥያቄ፦ ሚድተርም የሚሉት ምርጫ ምንድን ነው?

ፕሬዚዳንቱ በተመረጠ በሁለተኛው ዓመት የሚደረግ የኮንግረስ ምርጫ ነው። 435ቱ የተወካዮች ምክር ቤት ወንበሮች በሙሉ፣ ከሴኔቱ ደግሞ ሲሶ ያህሉ ለውድድር ይቀርባሉ። የፕሬዚዳንት ስም ስለሌለበት ብዙ ሰው ከቤቱ አይወጣም። በ2014 መምረጥ ከሚችለው ሕዝብ የመረጠው 37 ከመቶ እንኳ አልሞላም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ እንዲህ ወርዶ አያውቅም።

ጥያቄ፦ ኦባማኬር ያን ያህል ሰው ከጠቀመ፣ ዴሞክራቶች በ2010 ለምን ተመቱ?

ይህችን ጥያቄ እወዳታለሁ። ቀኖቹን ብቻ እዩ። ኦባማኬር የምንለው የኦባማ የጤና ኢንሹራንስ ሕግ የተፈረመው ማርች 23፣ 2010 ነው። ምርጫው የዚያኑ ዓመት ኖቬምበር ላይ ነበር። ሰው በድጎማ ኢንሹራንስ የሚገዛበት ገበያና የሜዲኬይድ (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው መንግሥት የሚሰጠው ኢንሹራንስ) ለተጨማሪ ሰው መስፋፋት ሥራ የጀመሩት ግን በጃንዋሪ 2014 ነው! በምርጫው ቀን ተጠቃሚው ዋናውን ጥቅም ገና አልጨበጠም። በሌላ በኩል ብዙ አረጋውያን ለእነሱ ስላለው የመንግሥት ኢንሹራንስ «ሜዲኬራችን ሊነካብን ነው» ብለው ሰግተዋል፤ ተቆጥተዋልም። የተቆጣ ሰው ወረፋ አይሰለቸውም። ሪፐብሊካኖች በምክር ቤቱ 63 ወንበር ጨመሩ።

ጥያቄ፦ በ2014 ጥቅሙ ከደረሰ ታዲያ ተጠቃሚው ለምን አልወጣም?

በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል አይደል የሚባለው? ካርዱን ኪሱ የከተተ ሰው ማን እንደሰጠው ብዙም አያስብም። በስንት ቤት ያየሁት ነው።

የነቃው ሊነጠቅ ሲል ነው። ሜይ 4፣ 2017 የተወካዮች ምክር ቤት ኦባማኬርን የሚሽር ረቂቅ 217 ለ213 አሳለፈ። ጁላይ 28 ሌሊት ሴኔቱ ውስጥ ሪፐብሊካኑ ሴናተር ጆን ማኬይን አውራ ጣታቸውን ወደ ታች አድርገው ሽረቱን አስቀሩት፤ 51 ለ49። በቀጣዩ ዓመት ሚድተርም መምረጥ ከሚችለው ሕዝብ ግማሽ ያህሉ መረጠ። ከ1914 ወዲህ ለሚድተርም ይህን ያህል ሰው ወጥቶ አያውቅም። ሁሉንም በጤና ማሳበብ ግን ልክ አይመስለኝም። ትራምፕን ለመደገፍም ለመቃወምም የወጣው ቀላል አልነበረም። ይሁንና ለሪፐብሊካን የሚያደሉት አይዳሆ፣ ዩታና ነብራስካ በዚያው ቀን ሜዲኬይድ ይስፋፋ ብለው በሕዝብ ድምፅ ወስነዋል።

ጥያቄ፦ ሜዲኬይድ ማግኘት በራሱ ሰውን መራጭ ያደርጋል?

ኦሪገን ይህን ሳታስበው ፈትሻለች። በ2008 ለሜዲኬይድ ያላት ቦታ ጥቂት ስለነበር ሰውን በዕጣ መረጠች። አዎ፣ እንደ ዲቪ! ተመራማሪዎች ዕጣ የወጣለትንና ያልወጣለትን አወዳደሩ። ሜዲኬይድ ማግኘት በ2008ቱ የፕሬዚዳንት ምርጫ የመምረጥ ዕድልን 7 ከመቶ ያህል ከፍ አድርጓል። በ2010 ሚድተርም ግን ልዩነቱ አልታየም። ጠፋ።

ጭማሪው የመጣው ምናልባት አዲስ ከተመዘገቡ ሰዎች ነው። በ1993ቱ የመራጮች ምዝገባ ሕግ መሠረት ሜዲኬይድ የሚያስተናግድ ቢሮ ለመምረጥ መመዝገብ ትፈልጋለህ ወይ ብሎ መጠየቅ አለበት። ይህ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ይወስደኛል።

ጥያቄ፦ እናቴ ግሪን ካርድ ነው ያላት። ሜዲኬይድ ስንሞላ «ለምርጫ መመዝገብ ይፈልጋሉ?» የሚል መጣ። ምን እንበል?

«አልፈልግም» ይበሉ። እባክሽ በዚህ አትቀልጂ። ዜጋ ሳይሆኑ በፌዴራል ምርጫ ድምፅ መስጠት ወንጀል ነው፤ ከአገር ሊያስባርርም ይችላል። የዜግነት ማመልከቻው ላይም «ተመዝግበው ያውቃሉ?» የሚል ጥያቄ አለ። በስህተት ፈርመው ከሆነ ለዜግነት ከማመልከታቸው በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክሩ።

ጥያቄ፦ በ2026ስ ሰው የሚወጣ ይመስልሃል?

ጁላይ 4፣ 2025 የተፈረመውን ሕግ ተመልከቱ። በሜዲኬይድ መስፋፋት የገቡ ጤነኛ ጎልማሶች በወር 80 ሰዓት መሥራታቸውን እንዲያሳዩ ያዛል። ግዛቶች ይህን መጀመር ያለባቸው እስከ ጃንዋሪ 1፣ 2027 ነው። ምርጫው ኖቬምበር 3፣ 2026። ገባችሁ? በ2010 ጥቅሙ ከምርጫው በኋላ መጣ፣ አሁን ደግሞ ሕመሙ። በአጋጣሚ ነው ብሎ የሚያሳምነኝ የለም።

የገበያው ኢንሹራንስ ግን ሌላ ነው። መንግሥት ለወርሃዊ ክፍያው ይሰጥ የነበረው ተጨማሪ ድጎማ በ2025 መጨረሻ አብቅቷል። ኢንሹራንሱን ራሱ የሚገዛው ኡበር ነጂ ጭማሪውን ጃንዋሪ ላይ በሂሳቡ አይቶታል። ከኦክቶበር 1፣ 2026 ጀምሮ ደግሞ ብዙ ስደተኞችና ጥገኝነት ያገኙ ሰዎች ከፌዴራል ሜዲኬይድ ይወጣሉ። እነሱ አይመርጡም፤ ዜጋ የሆነ ወንድም ወይም ልጅ ያላቸው ግን ብዙ ናቸው። እኔ ከፍ ያለ ቁጥር እጠብቃለሁ፤ 2018ን ይደርስበታል ብዬ ግን አልወራረድም።

ጥያቄ፦ የእኔ አንድ ድምፅ ምን ይፈይዳል?

በ2017 የቨርጂኒያ ምርጫ ኒውፖርት ኒውስ ከተማ ላይ ለግዛቱ ምክር ቤት ሁለት ተወዳዳሪዎች እኩል 11,608 ድምፅ አገኙ። ስማቸው ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ተጨምሮ ዕጣ ወጣ፤ ሪፐብሊካኑ አለፈ። የግዛቱ ምክር ቤት ለሪፐብሊካኖች 51 ለ49 ሆነ። ከዚያ ምርጫ በፊት ሪፐብሊካኖች 66 ነበሩ። ልዩነቱ እንዲህ ሲጠብብ፣ ለዓመታት እምቢ ሲባል የኖረው የሜዲኬይድ መስፋፋት በቀጣዩ ዓመት ጸደቀ፤ ጃንዋሪ 1፣ 2019 ተጀመረ። ፎርም የሞላሁላቸው ብዙዎች ያኔ ነው የገቡት።

ጥያቄ፦ አባቴ ዜጋ ናቸው፤ እንግሊዝኛ ማንበብ ግን ይከብዳቸዋል። ይዣቸው ልግባ?

ግባ። የሚረዳቸውን ሰው ራሳቸው መምረጥ ይችላሉ፤ አሠሪያቸውና የሠራተኛ ማኅበራቸው ወኪል ብቻ አይሆኑም። ስትገቡ ለጣቢያው ሠራተኛ ንገሩት፣ የምትፈርማት ወረቀት ልትኖር ትችላለች።