የሲልቨራዶው ፎር ዊል ሞጁል በእርግጥ ሞቷል?

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብሁት። የ2005 ሼቭሮሌ ሲልቨራዶ 1500 ፒክአፕ አለህ። በረዶ በጣለ ማግስት «ሰርቪስ ፎር ዊል ድራይቭ» የሚል ጽሑፍ ዳሽቦርዱ ላይ ወጣ፤ በሁለት ወይም በአራት ጎማ (ፎር ዊል) መንዳትን የምትመርጥባቸው ቁልፎችም መብራት ሙሉ በሙሉ ጠፋ። ጋራዥ ስትወስደው ምንም ሳይፈቱ «ሞጁሉ (ፎር ዊሉን የሚያዘው ትንሽ ኮምፒውተር) ተቃጥሏል፣ 900 ዶላር ይፈጃል» አሉህ። ልክፈላቸው ወይስ ገዝቼ ራሴ ልቀይረው ነው ጥያቄህ። እኔ የምልህ ገና አትክፈል፣ ገናም አትግዛ ነው። ሞጁሉ ሞቶ ሊሆን ይችላል፤ ሞተ ያሉህ ሰዎች ግን ይህን የሚያረጋግጥ አንድም ነገር አላሳዩህም። መብራት የጠፋበትን ቤት ከመንገድ አይቶ «ባለቤቱ ሞቷል» እንደማለት ነው።

የምኖረው ኮሎራዶ ነው። ያንተው ዓይነት መኪና አለኝ፤ ሞጁሉንም በገዛ እጄ ቀይሬዋለሁ። ከዚያ በኋላ ብዙ የሰፈራችን ሰዎች ተመሳሳይ ችግር ይዘው መጥተው አይቻለሁ። ከመጡት መካከል በእውነት ሞጁል የሚያስፈልጋቸው ጥቂቶቹ ናቸው።

መጀመሪያ አሠራሩን እንረዳ፤ ይህ ካልገባን ሁሉም ነገር ግምት ይሆናል። ቁልፉን ስትጫን በቀጥታ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። እያንዳንዱ ቁልፍ የተለያየ የቮልት መጠን ወደ ሞጁሉ ይልካል፤ ሞጁሉም ቮልቱን አይቶ የትኛው እንደተጫነ ይለያል። ከዚያ ሁለት ቦታ ያዛል፦ አንደኛው ከካምቢዮው በስተኋላ ባለው፣ ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ጎማዎች በሚያከፋፍለው ትራንስፈር ኬዝ ላይ የታሰረው ትንሽ ሞተር ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ የፊት ጎማዎቹን በሚያዞረው ዲፈረንሻል ላይ ያለው አክቹዌተር፣ ማለትም የፊቱን አክስል የሚያያይዘው መሣሪያ። በዚያ ትንሽ ሞተር ውስጥ የት ቦታ ላይ እንደደረሰ ለሞጁሉ የሚናገር ሴንሰር አለ። የቁልፎቹን መብራት የሚያበራውም ያው ሞጁል ነው። እንግዲህ ሞጁሉ ኤሌክትሪክ ቢቋረጥበትም ሆነ ራሱ ቢበላሽ አንተ የምታየው ምልክት አንድ ነው፤ መብራት የለም፣ ጽሑፉ ይወጣል። ጋራዡ የዘለለው ይህችን ነጥብ ነው።

ስለዚህ ከኤሌክትሪኩ ጀምር። ፊውዞቹን፣ በኮፈኑ ሥርም ሆነ በዳሽቦርዱ ጎን ያሉትን፣ በዓይን ሳይሆን በቴስተር ለካቸው። ደህና የሚመስል ፊውዝ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ ቁልፍ ማስነሻውን ጠርጥር፤ የብረቱን ቁልፍ ሳይሆን ከኋላው ያለውን የኤሌክትሪክ ማብሪያ ማለቴ ነው። በነዚህ መኪናዎች ላይ ውስጡ ያለው መዳብ በጊዜ ብዛት ይበላና ሞተሩን የሚያስነሳ ኤሌክትሪክ እየሰጠ ለፎር ዊሉ ሞጁል የሚሄደውን ያቋርጣል። ቁልፉን ወደ ማስነሻው አቅጣጫ ሳታስነሳ በጥቂቱ ነካ ነካ ስታደርገው የቁልፎቹ መብራት ብልጭ ካለ ጥፋተኛውን አገኘኸው ማለት ነው፤ ዋጋውም ከሞጁሉ ጋር አይወዳደርም።

ከዚያ ወደ ሥር ውረድ። አንተ ሚኒሶታ፣ እኔ ኮሎራዶ፤ ሁለታችንም ክረምቱን የምንነዳው ጨው በተረጨበት መንገድ ላይ ነው። እዚህ ማግኒዚየም ክሎራይድ የሚባለውን ፈሳሽ ያፈሱበታል፤ በረዶውን ያቀልጣል፣ ሽቦንም ይበላል። በሾፌሩ በር ትይዩ፣ ሻንሲው ላይ የታሰሩትን የኔጌቲቭ ሽቦዎች ፈልግ። ብሎኑን ፍታ፣ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ እስከ ንጹሕ ብረት አንሳ፣ መልሰህ እሰርና ቅባት ቀባው። ወደ ትራንስፈር ኬዙ ሞተር የሚሄደውን ሶኬትም ንቀለው፤ አረንጓዴ ዱቄት ከታየህ ውኃ ገብቶበታል። ሥር ከመግባትህ በፊት የእጅ ፍሬን ያዝ፣ ጎማዎቹንም በታኮ ደግፍ። የትራንስፈር ኬዙን ሞተር ለመፍታት ካሰብህ ይህ የግድ ነው፤ ትራንስፈር ኬዙ ወደ ኒውትራል ከሄደ ማርሹ «ፒ» ላይ ቢሆንም መኪናው ይንከባለላል።

አሁን ከመኪናው ሞጁሎች የብልሽት ኮድ ወደሚያነበው መሣሪያ፣ ወደ ስካነሩ እንምጣ። ከሱፐርማርኬት የሚገዛው ርካሽ ኮድ ማንበቢያ የሚያነበው የመኪናውን ዋና ሞተር ኮድ ብቻ ነው፤ የፎር ዊሉ ኮድ በ«ሲ» ፊደል የሚጀምርና በራሱ በሞጁሉ ውስጥ የሚቀመጥ ነው። ስለዚህ የሻንሲ ሞጁሎችን የሚያነብ ስካነር ተዋስ ወይም ተከራይ። ሲ0327 ከወጣ ጥርጣሬህን ወደ ትራንስፈር ኬዙ ሞተር ሴንሰርና ወደ ሽቦው አዙር፤ በጣም የተለመደው ይህ ነው። ሲ0306 የዚያኑ ሞተር የኤሌክትሪክ መስመር ይመለከታል። ሲ0550 ደግሞ ሞጁሉ ስለራሱ የሚናገረው ነው። ግን አስተውል፤ ስካነሩ ከሞጁሉ ኮድ ካነበበ ሞጁሉ ቢያንስ በሕይወት አለ ማለት ነው። የቁልፎቹ መብራት ብቻ ጠፍቶ ስካነሩ ሞጁሉን ያለ ችግር የሚያነጋግረው ከሆነ ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን የቁልፎቹን ሰሌዳ ለውጥ፤ እሱም ያረጃል፣ የሚወጣውም በደቂቃዎች ውስጥ ነው።

ሞጁሉን ጥፋተኛ የሚያሰኘው ማስረጃ የሚከተለው ነው። ስካነሩ ሌሎቹን ሞጁሎች ሁሉ ያገኛል፣ ይህን ብቻ አያገኝም። ሶኬቱን ነቅለህ ስትለካ ሁልጊዜ የሚመጣው 12 ቮልትም ሆነ ቁልፍ ሲከፈት የሚመጣው አለ፣ ኔጌቲቩም ደህና ነው። ይህን ስትለካ በቴስተር ቁጥር ብቻ አትርካ፤ የፍሬን መብራት አምፖል በሁለት ሽቦ አስረህ በዚያው መስመር አብራው። ቴስተር በአንዲት ክር የቀረ ሽቦ ላይም 12 ቮልት ያሳያል፤ አምፖሉ ግን ደብዝዞ ያጋልጠዋል። አምፖሉ ደምቆ በርቶ፣ ስካነሩ አሁንም መልስ ካላገኘ ሞጁሉ ሞቷል። የእኔ መኪና ላይ የሆነውም ይኸው ነው።

መቀየሩ ራሱ ቀላል ነው። የባትሪውን ኔጌቲቭ አላቅቅ። ከመሪው በታች ጉልበትህን የሚነካውን ሽፋን አውርድ፤ የሥሮቹ ብሎኖች 7 ሚሊሜትር ናቸው። ሞጁሉ ከመሪው ግንድ በስተግራ ተቀምጧል። ሶኬቶቹን ከመንቀልህ በፊት ፎቶ አንሳቸው፤ የላስቲኩን መያዣ ሳትጫን አትጎትት፤ ሃያ ዓመት የሞላው ላስቲክ ይሰበራል። በቃ።

ከባዱ ያለው ትክክለኛውን ሞጁል ማግኘቱና ፕሮግራሙ ላይ ነው። የመኪናህን የጓንት ሳጥን ክፈት፤ በውስጡ በሦስት በሦስት ፊደልና ቁጥር የተሞላ ተለጣፊ ወረቀት አለ። ከነዚያ መካከል የትራንስፈር ኬዙን ዓይነት የሚነግረውን ኮድ፣ ኤንፒ1 ወይም ኤንፒ8 የሚለውን ፈልግ። ቁልፎችህ መካከል «አውቶ ፎር ዊል» (መኪናው ሲያስፈልግ ራሱ ፎር ዊል የሚያስገባበት) የሚል ካለ ኤንፒ8 መሆን አለበት፤ ከሌለ ኤንፒ1 ነው። ሁለቱ የተለያየ ትራንስፈር ኬዝ ስላላቸው የአንዱ ሞጁል ሌላውን በትክክል አያዝም። ከአሮጌ መኪና ግቢ የምትገዛ ከሆነ በሞጁሉ ላይ ያለው ቁጥር ካንተው ጋር አንድ መሆኑን፣ የተነቀለበት መኪናም ኮዱ ያው መሆኑን ሳታረጋግጥ ገንዘብ አትስጥ። ሻጩ «ሁሉም አንድ ነው» ካለህ ደህና ዋል ብለኸው ሂድ።

አዲስ ከገዛህ ባዶውን ነው የሚመጣው። የመኪናህ መረጃ ካልተጫነበት አይሠራም፤ መሰካቱ ብቻ አይበቃም። ለዚህ ቤትህ ድረስ መጥተው ፕሮግራም የሚያደርጉ ሰዎች አሉ፤ አንዳንድ ሻጮችም የመኪናህን የሻንሲ ቁጥር ተቀብለው ጭነው ይልካሉ። እኔ ሰው ማስመጣቱን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም በፖስታ የመጣው አልሠራ ቢል ጥፋቱ የሞጁሉ ይሁን የፕሮግራሙ መለየት አትችልም። ሥራው ሲካሄድ ባትሪው ላይ ቻርጀር ይሰካ። መሃል ላይ ቮልት ከወረደ አዲሱን ሞጁል በዚያው ትገድለዋለህ። ጋራዡ የጠየቀህ 900 ዶላር ፕሮግራሙን ይጨምር አይጨምር በጽሑፍ ጠይቃቸው፤ ካልጨመረ፣ በኋላ ሌላ ሒሳብ ይመጣልሃል።

ሲጨርሱ የመኪናውን ቁልፍ ክፈትና የመምረጫ ቁልፎቹን ተመልከት፤ መብራቶቹ ሁሉ ለአፍታ በርተው አንዱ ብቻ መቅረት አለበት። ፍተሻውን በሣር ወይም በጠጠር ላይ አድርግ፤ በደረቅ አስፋልት ላይ ፎር ዊል አስገብተህ ስትታጠፍ ጎማዎቹ ይታገላሉ፣ መጋጠሚያዎቹም ይጎዳሉ። ከሁለት ጎማ ወደ አራት በዝግታ እየነዳህ አሸጋግር። ወደ «ፎር ሎው» (በዝቅተኛ ፍጥነት ብዙ ጉልበት ወደሚሰጠው ፎር ዊል) ለመግባት ግን አቁም፣ ወይም በሰዓት ከ5 ኪሎ ሜትር በታች ሁን፤ ማርሹን ኒውትራል አድርግና ከዚያ ቁልፉን ተጫን። መብራቱ ጥቂት ብልጭ ድርግም ብሎ ይረጋል። አራቱ ጎማዎችህ አንድ ዓይነት መጠን ያላቸውና እኩል ያረጁ መሆናቸውንም እይ፤ በተለይ አውቶው ካለህ የፊትና የኋላ ጎማ ፍጥነት ሲለያይ ሥርዓቱ መንሸራተት አድርጎ ይቆጥረዋል። ኤንፒ8 ከሆነ የትራንስፈር ኬዙ ዘይት ሰማያዊው አውቶ ትራክ ሁለት ነው፤ ሌላ የካምቢዮ ዘይት የጨመረበት ሰው ካለ አሁኑኑ ቀይረው።

አሁን ሁለት ነገር ጻፍልን፦ ስካነሩ ያወጣውን ኮድ፣ እና በጓንት ሳጥኑ ወረቀት ላይ ያገኘኸውን ኤንፒ። ቁልፍ ማስነሻውን ነካ ነካ ስታደርግ መብራቱ ብልጭ ካለ ደግሞ ያን አስቀድመህ ንገረን።