ስፖንሰር ጠይቀን መልስ ያጣነው ለምንድነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ! እኛ ጎንደር ያለን የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ነን፣ 7 ሆነን የሮቦቲክስ ቡድን አቋቁመናል፣ አዲስ አበባ ለሚደረግ ውድድር ሮቦት እየሰራን ነው ግን ሞተርና ባትሪ መግዣ የለንም፣ የትራንስፖርቱንማ ተዉት። አንድ ደብዳቤ ጽፈን ፎቶ ኮፒ አደረግንና ከፒያሳ እስከ አዘዞ ባንክ ሆቴል ሱቅ ሳንል በተንነው፣ አንድም የመለሰልን የለም። ሲጀምር «ዓለም በቴክኖሎጂ እየመጠቀች በምትገኝበት በአሁኑ ሰዓት» ይላል፣ መጨረሻው ላይ «የተቻላችሁን ድጋፍ ታደርጉልን ዘንድ በትህትና እንጠይቃለን» ብለናል። ምኑ ላይ ነው የተበላሸው?
ከማራኪ

መልስ፦ ልጆቼ፣ አማርኛችሁ ምንም አልጎደለውም፣ እንዲያውም ከብዙ መስሪያ ቤት ደብዳቤ ይሻላል። ችግሩ ደብዳቤው ቢሮ ከገባ በኋላ ምን እንደሚሆን አላሰባችሁበትም።

መጀመሪያ መዝገብ ቤት ገቢ ይሆናል፣ ከዛ ስራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ ከሌላው ክምር ጋር ይቀመጣል፣ እሱም ስልክ እያወራ «ጉዳዩ» የሚለውን መስመር ያይና ጫፉ ላይ በእስክሪብቶ «ለፋይናንስ፣ ይታይ» ወይ «ለማርኬቲንግ፣ ተነጋገሩበት» ብሎ ይመራዋል። በቃ ጨዋታው እሱ ምሪት ነው። የናንተን ምን ብሎ ይምራው? «የተቻላችሁን» ስትሉት ስንት እንደሚሰጥ፣ ለምን እንደሚሰጥ፣ እስከመቼ እንደሚሰጥ እሱ ቁጭ ብሎ እንዲያስብላችሁ ነው የጠየቃችሁት፣ ስራ የበዛበት ሰው ደግሞ እንዲህ አይነቱን ደብዳቤ «ቆይቼ አየዋለሁ» ብሎ ያስቀምጠዋል፣ ቆይቶም አያየውም። ስለ ዓለም መምጠቅ ደግሞ ባንኩም ሆቴሉም ያውቃል፣ ያን አንቀጽ ሙሉ በሙሉ አውጡት።

እስኪ እንዲህ ሞክሩት፦

«ጉዳዩ፦ የሮቦት ሞተርና ባትሪ መግዣ ስፖንሰር ስለመጠየቅ። እኛ 7 ተማሪዎች እንቅፋት ሲያጋጥመው ራሱ አይቶ የሚታጠፍ ሮቦት እየሰራን እንገኛለን። አካሉና ፕሮግራሙ አልቋል፣ የቀረን 4 ሞተርና 1 ባትሪ ነው። ዋጋቸውን የሚያሳይ ፕሮፎርማ አያይዘናል። ድርጅታችሁ ይህን ወጪ ቢሸፍንልን ዓርማችሁን ሮቦቱ ላይና ቲሸርታችን ጀርባ እናትማለን፣ ከውድድሩ በኋላም ሮቦቱን ይዘን መጥተን ለሰራተኞቻችሁ እናሳያለን። ግዢው እንዲደርስልን እስከ የካቲት 15 ምላሽ ብታሳውቁን።»

ይሄው ነው፣ ግማሽ ገጽ አይሞላም። ከላይ የትምህርት ቤቱ ራስጌ፣ ቁጥርና ቀን፣ ከታች የርዕሰ መምህሩ ፊርማና ክብ ማህተም ይኑረው፣ ያለ ማህተም የተማሪ ደብዳቤ ማንም አይቀበላችሁም። አርዱይኖ፣ ሰርቮ፣ አልትራሶኒክ ሴንሰር የሚሉትን ዋናው ደብዳቤ ላይ አትደርድሩ፣ አባሪው ላይ ይሁኑ፣ እዛም አጠገባቸው በአንድ መስመር አስረዱ፦ አርዱይኖ ማለት የሮቦቱን ፕሮግራም የሚይዝ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ፣ ሰርቮ ማለት ወደታዘዘው ማዕዘን ዞሮ የሚቆም ሞተር፣ አልትራሶኒክ ማለት ድምፅ ልኮ ሲመለስ ርቀት የሚለካ። ፋይናንሱ አርዱይኖ የሚበላ ይሁን የሚጠጣ በምን ያውቃል?

ሌላው ጥፋት አንድ ደብዳቤ ለሁሉ መበተናችሁ ነው። የባንክ ቅርንጫፍ ስራ አስኪያጅ ብዙ ጊዜ ለስፖንሰር ብር የመስጠት ስልጣን የለውም፣ ጥያቄው ዲስትሪክት ወይ ዋናው መስሪያ ቤት ነው የሚወሰነው፣ ስለዚህ ለሱ ስትጽፉ ጥያቄያችሁን በሸኚ ደብዳቤ ወደላይ እንዲያስተላልፍላችሁ ጠይቁት፣ ይሄንን ማድረግ ይችላል። ሆቴልን ብር አትጠይቁ፣ ለልምምድ ቀን ምሳ ወይ አዳራሽ ጠይቁ፣ ምግቡም አዳራሹም እጁ ላይ ነው። የአውቶብስ ድርጅትን ትኬት፣ አዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነውና ለ7 ልጅ ደርሶ መልስ ቀላል ብር አይደለም። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1947 የጤና ባለሙያ ማሰልጠኛ ኮሌጅ ሆኖ ቢጀምርም ዛሬ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለው፣ እዛ ብር ሳይሆን የላብ ሰዓት፣ የብየዳ ካውያና አንድ የሚያማክራችሁ ሌክቸረር ለምኑ። እኔ ብሆን ከሁሉም በፊት የምሄደው እዛ ነው።

ጊዜውንም እዩ። የጥምቀት ሰሞን ሆቴል ደጅ አትድረሱ፣ ማንም አያያችሁም፣ ጥር 11 አልፎ እንግዳው ሲሸኝ ግን ሂዱ፣ ያኔ ገበያው ቀንቶት ባለቤቱም ደስ ብሎት ይቆያል። በጀት ያላቸው ድርጅቶች ጋ ደግሞ ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ሰኔ ላይ «በጀት አልቋል» ነው መልሱ፣ ሐምሌና ነሐሴ ይሻላል።

ስታስገቡ ሁለት ኮፒ ያዙ፣ አንዱ ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን አስጽፋችሁ ውሰዱ። ከሳምንት በኋላ «ደብዳቤ አስገብተን ነበር» ከማለት «በቁጥር እንዲህ የገባው ማን ጋ ተመራ?» ማለት ሌላ ነገር ነው፣ ያኔ መዝገብ ቤቷ ራሷ መዝገቡን ገልጣ የሰውየውን ስም ትነግራችኋለች።

ዓርማ መለጠፍ ልመናን ማሳመሪያ እንዳይመስላችሁ፣ በዓለም ላይ የተለመደ ስራ ነው። አሜሪካዊው የፈጠራ ሰው ዲን ኬመን በ1989 እ.ኤ.አ. የመሰረተው ፈርስት በሚባለው የተማሪዎች ሮቦት ውድድር ስፖንሰር መፈለግ የቡድኑ ስራ ተደርጎ ነው የሚታየው፣ ሮቦቶቹ ላይ የድርጅት ዓርማ ሞልቶ ታያላችሁ።

ጥያቄ፦ እኔ የአንድ እንዲህ አይነት ቡድን አስተባባሪ መምህር ነኝ። አንድ ነጋዴ «ሂሳብ ቁጥርህን ላክልኝና ላስገባልህ» አለኝ፣ ልቀበል?

መልስ፦ መምህር፣ በጭራሽ! ንጹህ ሰው መሆንዎ አይጠረጠርም ግን ነገ ወሬው ሌላ ነው። በትምህርት ቤቱ ሂሳብ ይግባና የገቢ ደረሰኝ ይቆረጥለት፣ ነጋዴውም ለሂሳብ ሰራተኛው የሚያሳየው ወረቀት ያስፈልገዋል። ከሱም የሚሻለው ፕሮፎርማውን ሰጥተውት ራሱ ለሱቁ ቢከፍል ነው፣ እርስዎ እቃውን በንብረት መረከቢያ (ሞዴል) ፎርም ይረከባሉ፣ ብር የሚባል ነገር በእጅዎ አያልፍም።

ጥያቄ፦ ቢራ ፋብሪካ መጠየቅ ይቻላል? እግር ኳሱን ስፖንሰር ያደርጉ የለ እንዴ?

መልስ፦ ኳሱ ሌላ፣ እናንተ 18 ዓመት ያልሞላችሁ ተማሪዎች ናችሁ። በ2011 የወጣው አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያን ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ ያስወጣው ለምን ሆነና፣ የቢራ ዓርማ ያለበት ቲሸርት ለብሳችሁ ትምህርት ቤት በር ላይ ስትደርሱ የሚመጣውን አስቡት። ይለፋችሁ።

ጥያቄ፦ ቪዲዮ ብናያይዝስ ጋሼ?

መልስ፦ አያይዙ እንጂ! በቴሌግራም የሚላክ 30 ሰከንድ ይበቃል፣ ሙዚቃ አትጫኑበት፣ ሮቦቱ ሲሄድና አንዷ ልጅ ምን እንደሚሰራ ስትናገር ብቻ ይታይ። ሞተር ስላጣ ገና የማይሄድ ከሆነም የማይሄደውን አሳዩት፣ የምትጠይቁት እሱኑ አይደል።