ስለ ግዙፍ የሕይወት ሞለኪውሎች፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ግዙፍ የሕይወት ሞለኪውሎች ካርቦሃይድሬት፣ ፕሮቲን፣ ኒውክሊክ አሲድ (ዲኤንኤና አርኤንኤ) እና ስብ እንደሆኑ ተምረናል። ስብ ከሌሎቹ ጋር በእኩል ይቆጠራል?

መልስ፦ በጥብቅ ከተመለከትነው አይቆጠርም። ሦስቱ ትናንሽ አሃዶች ውሃ እያስወገዱ በመያያዝ የሚሠሯቸው ረጃጅም ሰንሰለቶች ሲሆኑ፣ የምንበላው ስብ ግን በአብዛኛው አንድ ግሊሰሮልና ሦስት የስብ አሲዶች ብቻ ነው። አብሮ የሚመደበው በሥራው ክብደት ይመስለኛል፤ የሕዋስ ሽፋን ፎስፎሊፒድ ከተባለው የስብ ዓይነት ውጭ አይኖርም፣ ከአንድ ግራም ስብ የሚገኘው ጉልበትም 9 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ሲሆን ከስታርች የሚገኘው 4 ያህል ነው።

ጥያቄ፦ የጤፍ ፍሬ እኛን ሲመግብ ገለባው ለከብት ብቻ የሚሆነው ለምንድን ነው?

መልስ፦ በፍሬው ውስጥ በብዛት ያለው ስታርች፣ በገለባው ውስጥ ያለው ደግሞ ሴሉሎስ ነው፤ የሚገርመው ሁለቱም የተሠሩት ከግሉኮስ መሆኑ ነው። የሚለያዩት ግሉኮሶቹ በተያያዙበት አቅጣጫ ነው። የስታርች ማያያዣ አልፋ የሚባለው ዓይነት ስለሆነ ሰንሰለቱ ይጠመዘዛል፤ በምራቅና በቆሽት የሚመነጨው አሚሌዝ የተባለ ኢንዛይምም ይቆርጠዋል። የሴሉሎስ ማያያዣ ግን ቤታ በመሆኑ ሰንሰለቶቹ ቀጥ ብለው ጎን ለጎን ይተሳሰራሉ፤ አገዳውን የሚያጠነክረውም ይኸው ነው። የሰው አካል ይህን ማያያዣ የሚበጥስ ኢንዛይም አይሠራም። ከብቱም ቢሆን በራሱ አይችልም፤ ሥራውን የሚሠሩለት በጨጓራው የመጀመሪያ ክፍል የሚኖሩት ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው።

ጥያቄ፦ እንቁላል ሲቀቀል ፕሮቲኑ ይጠፋል?

መልስ፦ አይጠፋም። ሙቀቱ የፕሮቲኑን እጥፋት ይፈታዋል እንጂ የፕሮቲኑ አሃዶች የሆኑትን የአሚኖ አሲዶች ሰንሰለት አይበጥሰውም፤ እንዲያውም የተቀቀለው ከጥሬው ይልቅ በቀላሉ ይፈጫል።

ጥያቄ፦ ዲኤንኤና ፕሮቲን ምን ያገናኛቸዋል?

መልስ፦ ዲኤንኤ የአሚኖ አሲዶችን ቅደም ተከተል ይይዛል፤ አርኤንኤ ትእዛዙን ገልብጦ ፕሮቲን ወደሚሠራበት የሕዋስ ክፍል፣ ወደ ራይቦዞም ያደርሳል፤ በዚያም እያንዳንዱ ሦስት ፊደል (ፊደል የምንለው የኒውክሊክ አሲዱን አሃድ ነው) እንደ አንድ አሚኖ አሲድ ይነበባል። የቅደም ተከተሉን ክብደት በሲክል ሴል የደም ሕመም ማየት ይቻላል። ኦክስጅን በሚያጓጉዘው የደም ፕሮቲን በሂሞግሎቢን ውስጥ ያለው፣ ቤታ የሚባለው ሰንሰለት 146 አሚኖ አሲዶች ሲኖሩት፣ በ6ኛው ቦታ ግሉታሚክ አሲድ በቫሊን ይተካል። መነሻው በዲኤንኤው ላይ የአንዲት ፊደል መለወጥ ነው፤ ውጤቱ ግን ኦክስጅን ባነሰ ቁጥር ሂሞግሎቢኖቹ እርስ በርስ ተጣብቀው ቀዩን የደም ሕዋስ ማጭድ ማስመሰላቸው፣ ሕዋሱም ቀጫጭን የደም ሥሮችን መዝጋቱ ነው።